የኮከብን ርቀት በዓይንና በደብተር መለካት

ጨረቃ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀና ብሎ ሰማይን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይህን ጠይቋል፦ ያ ኮከብ ምን ያህል ይርቃል? የደመቀው ቅርብ ስለሆነ ነው ወይስ ግዙፍ ስለሆነ? ዓይን ብቻውን ይህን ሊለይ አይችልም። በጨለማ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታይ መብራትም እንዲሁ ነው፤ ደካማ አምፖል በቅርብ፣ ኃይለኛ አምፖል በሩቅ ቢቀመጡ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የአምፖሉን ዋት ብናውቅ ግን ነገሩ ይፈታል፤ የምናየውን ድምቀት ከእውነተኛው ጋር አስተያይተን ርቀቱን ማስላት እንችላለን።

ዋታቸውን በገዛ ራሳቸው የሚነግሩን ከዋክብት አሉ። ሴፊድ ይባላሉ። በመደበኛ ጊዜ እየደመቁና እየደበዘዙ የሚኖሩ ተለዋዋጭ ከዋክብት ናቸው፤ የሚለዋወጡበት የጊዜ ርዝመትም እውነተኛ ድምቀታቸውን ይገልጣል። ይህ መመሪያ ከእነዚህ የአንዱን፣ የዴልታ ሴፊን ርቀት፣ እርስዎ ራስዎ እንዲለኩ የተዘጋጀ ነው። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዓይን፣ ደብተር፣ ሎጋሪዝም የሚያሰላ ካልኩሌተር፣ የሁለት ወር ያህል ትዕግሥት፣ እንዲሁም ያዩትን ብቻ የመጻፍ ሐቀኝነት ነው። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱን ከታች እደርስበታለሁ።

ኮከቡ ለምን ይለዋወጣል?

ይህን ክፍል ዘልለው ወደ ሥራው መግባት ይችላሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ምን እያዩ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሃያኛው ቀዝቃዛ ምሽትም ለመውጣት ይነሣሣል።

ከሴፊዱ ገጽ በታች የሂሊየም ጋዝ ያለበት ንብርብር አለ። ኮከቡ ሲኮማተር ይህ ንብርብር ይታመቃል፣ ይሞቃል። ሲሞቅ የሂሊየሙ አቶሞች የቀራቸውን ኤሌክትሮን ያጣሉ፤ ያን ጊዜ ንብርብሩ ብርሃን እንደ ልቡ የማያሳልፍ ይሆናል። ከውስጥ የሚመጣው ኃይል መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ በርትቶም የኮከቡን ውጫዊ አካል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ኮከቡ ሲሰፋ ንብርብሩ ይቀዘቅዛል፤ ሂሊየሙ ኤሌክትሮኑን መልሶ ይይዛል፤ ብርሃኑም ማለፊያ ያገኛል። ግፊቱ ሲላላ የተነሣው አካል በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ እንደገናም ይታመቃል። ክዳኑ ግጥም ያለ የሚፈላ ድስት ያስቡ፦ እንፋሎቱ ክዳኑን ያነሣል፣ እንፋሎቱ ሲያመልጥ ክዳኑ ይወድቃል፣ እንፋሎቱም እንደገና ይጠራቀማል። ኮከቡ የሚተነፍሰው በዚህ መንገድ ነው።

ትልቅ ከበሮ ወፍራም፣ ትንሽ ከበሮ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ግዙፍና ልል የሆነ ኮከብ ረጅም፣ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ አጭር ትንፋሽ አለው። ግዙፉ ደግሞ የበለጠ ብርሃን ያፈልቃል። ስለዚህ ረጅም ዑደት ማለት ታላቅ ድምቀት ማለት ነው።

ይህን ዝምድና ያገኘችው በሃርቫርድ የኮከብ ምርምር ማዕከል የፎቶግራፍ መስታወቶችን ስትመረምር የኖረችው ሄንሪዬታ ሊቪት ናት። በ1912 ትንሹ የማጄላን ደመና በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያሉ 25 ተለዋዋጭ ከዋክብትን ዑደት ከድምቀታቸው ጋር አስተያየች። ብልሃቱ ያለው በምርጫዋ ላይ ነው፦ እነዚያ ከዋክብት ሁሉ በአንድ ደመና ውስጥ ስለሆኑ ከእኛ ያላቸው ርቀት አንድ ያህል ነው፤ እዚያ ደምቆ የሚታየው በእርግጥም የደመቀው ነው። የዴልታ ሴፊን መለዋወጥ ያስተዋለው ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ጉድሪክ ነው፤ በ1784፣ ገና በሃያ ዓመቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ21 ዓመቱ ሞተ። ጉድሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነበር፤ ሊቪትም የመስማት ኃይሏን አጥታ ነበር። የከዋክብትን ትርታ ያዳመጡልን እነዚህ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አንደኛ እርምጃ፦ ኮከቡን ማግኘት

ዴልታ ሴፊ ያለው ሴፊየስ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ግሪኮች በአፈ ታሪካቸው ሴፊየስን የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያን ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳን ልጃቸው አድርገው ሦስቱንም በሰማይ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። አንድሮሜዳን ያስታውሷት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባሉት ምሽቶች ወደ ሰሜን ይዩ። መጀመሪያ አምስት ደማቅ ከዋክብት ያሏትን፣ በዚግዛግ መስመር የተሠራችውን ካሲዮፔያን ይፈልጉ። ከእርስዋ በስተ ምዕራብ፣ ልጅ የሣለው ጣሪያው የሾለ ቤት የሚመስለው ደብዘዝ ያለ ቅርጽ ሴፊየስ ነው። የጣሪያው ጫፍ ወደ ሰሜን ኮከብ ያዘነብላል። ከቤቱ መሠረት ሁለት ማዕዘኖች ለካሲዮፔያ በሚቀርበው ላይ ሦስት ከዋክብት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፦ ዜታ፣ ኤፕሲሎንና ዴልታ። ለካሲዮፔያ የሚቀርበው ዴልታ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶቹ የማይለዋወጥ ድምቀት ስላላቸው ለመለኪያነት የተሰጡን ያህል ነው።

እጅግ በስተ ደቡብ የሚኖሩ አንባቢዎች ዴልታ ሴፊን ላያዩት ይችላሉ። እነርሱ ኤታ አኩዊላን ይውሰዱ። ይህ ኮከብ አልታየር ከተባለው ደማቅ ኮከብ በስተ ደቡብ፣ በቴታና በዴልታ አኩዊላ መካከል አጋማሽ ላይ ይገኛል። ዑደቱ 7.18 ቀን ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ የሰማይ ክፍል ስላለ ከሞላ ጎደል ከየትም ይታያል። ለማነጻጸሪያ ቤታ አኩዊላን በ3.7፣ አዮታ አኩዊላን በ4.4 ድምቀት ይያዙ፤ የቁጥሮቹን ትርጉም ቀጥሎ ያገኙታል። ቀሪው ሥራ አንድ ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ድምቀትን በዓይን መገመት

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ልኬቱ የተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ደማቅ፣ ሲበዛ ደብዛዛ ነው። የአምስት ማግኒቲዩድ ልዩነት የመቶ እጥፍ የብርሃን ልዩነት ነው፤ የአንዱ ደግሞ 2.5 እጥፍ ገደማ። በጨለማ ሰማይ ጤናማ ዓይን እስከ 6 ድረስ ያያል። ዴልታ ሴፊ ከ3.5 እስከ 4.4 ይመላለሳል። ዜታ 3.4፣ ኤፕሲሎን 4.2 ነው።

ከመብራት ርቀው ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይንዎን ጨለማ ያልምዱ። ለመጻፍ ብርሃን ካስፈለገዎ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይጠቀሙ፤ የስልክ ነጭ ብርሃን የሃያውን ደቂቃ ልምምድ በቅጽበት ያፈርሰዋል። ከዚያ በዜታና በኤፕሲሎን መካከል ያለውን የድምቀት ልዩነት በሐሳብዎ አሥር ቦታ ይክፈሉትና ዴልታ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ይፍረዱ። ለምሳሌ ከዜታ በሦስት፣ ከኤፕሲሎን በሰባት እርከን ርቆ ከታየዎ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የሁለቱ ልዩነት 0.8 ስለሆነ 3.4 + 0.3 × 0.8 = 3.64፤ ማለትም 3.6 ገደማ። ከኤፕሲሎን ትንሽ ደብዝዞ ከታየ 4.3 ወይም 4.4 ብለው ይጻፉ።

ዜታ ብርቱካናማ ቀለም አለው። ቀላ ያለ ኮከብ ላይ ዓይን ሲቆይ ኮከቡ እየደመቀ የሚሄድ ይመስላል፤ ስለዚህ አንዱ ላይ አይፍዘዙ። ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተመላለሱ ይዩ፤ መጀመሪያ የመጣልዎትን ፍርድም ይመኑ። በአካባቢው ያለውን እጅግ ቀይ ኮከብ፣ ሙ ሴፊን፣ ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙ፤ እርሱም ተለዋዋጭ ነው።

አሁን ስለ ሐቀኝነቱ። ዴልታ ሴፊን መከታተል በጀመርሁበት ወቅት ከመውጣቴ በፊት ደብተሬን ገልጬ የትናንቱን አነብ ነበር። ትናንት 3.9 ከሆነ ዛሬ 4.1 መሆን አለበት ብዬ እወጣና በእርግጥም 4.1 «አያለሁ»። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነጥቦቼ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ግን የኮከቡ ሳይሆኑ የእኔ ነበሩ። ከፍተኛው ድምቀት የወደቀበት ቀን ከእውነተኛው በአንድ ቀን ሙሉ ተዛብቶ ነበር። ሁሉንም ትቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ የየምሽቱን ግምት በየተለየ ወረቀት ጽፌ ሳላነበው እጥፈዋለሁ፤ የምገልጠው ወሩ ሲያልቅ ነው። እርስዎም እንዲህ እንዲያደርጉ አጥብቄ እለምናለሁ። ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ግምት ቢመጣ እንኳ አይሰርዙት።

በየምሽቱ የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ግምት፣ የሰማዩ ሁኔታ። ደመና የዋለበትን ቀን ባዶ ይተዉት።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ዑደቱን ማግኘት

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ግምት ይኖርዎታል። የመጀመሪያውን ምልከታ ሰዓት ዜሮ ብለው ሌሎቹን በቀን ቁጥር ይቀይሩ፤ ከሦስት ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ የታየው 3.25 ይሆናል። በካሬ ወረቀት ላይ አግድሙን ቀን፣ ቁመቱን ድምቀት አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡ፤ ትንሹ ቁጥር ከላይ ይሁን።

ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱ የተዝናና የተራራ ሰንሰለት ይታይዎታል። ዴልታ ሴፊ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ ጫፉ ይወጣና ወደ አራት ቀን በሚጠጋ ጊዜ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሴፊድ መለያ ፊርማ ይህ ነው።

ዑደቱን ከሁለት ተከታታይ ጫፎች አይለኩ። የአንዱን ጫፍ ጊዜ በዓይን ግምት ከሩብ ቀን በተሻለ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ስሕተቱ ግን በብዙ ዑደት ሲካፈል ይሟሟል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ጫፍ በቀን 2.3፣ ስምንት ዑደት ቆይቶ የመጣው በቀን 45.4 ቢውል፣ 43.1 ለ8 ሲካፈል 5.39 ቀን ይሰጣል። በጥንቃቄ የተለካው እውነተኛ ዑደት 5.366 ቀን ነው። በባዶ ዓይን ከግማሽ በመቶ ባነሰ ስሕተት ደረስን ማለት ነው።

በደመና ምክንያት አንድ ጫፍ አምልጦዎት ዑደቶቹን ሰባት ብለው ቢቆጥሩ ግን 6.16 ይወጣል። ይህን የሚያጋልጥ ማጣሪያ አለ። ከእያንዳንዱ ምልከታ ጊዜ የመጀመሪያውን ጫፍ ጊዜ ይቀንሱ፣ ለዑደቱ ያካፍሉ፣ ሙሉ ቁጥሩን ጥለው ክፍልፋዩን ብቻ ይያዙ። በቀን 20 የታየው፦ 20 − 2.3 = 17.7፤ ለ5.39 ሲካፈል 3.28፤ ክፍልፋዩ 0.28። ሁሉንም ነጥቦች ከዜሮ እስከ አንድ ባለው በዚህ ልኬት ላይ እንደገና ሲያስቀምጡ የስምንቱ ተራሮች ነጥቦች በአንድ ተራራ ላይ ይደራረባሉ። ዑደቱ ከተሳሳተ ተራራው ይበተንና የነጥብ ደመና ይሆናል። የተበተነው ሁሉ በአንድ ጊዜ መልክ ሲይዝ ማየት ለሁለት ወር ብርድ የሚከፈል ደመወዝ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ አማካይ ድምቀት

በነጥቦቹ መካከል የሚያልፍ ለስላሳ መስመር በእጅዎ ይሣሉ። ከዚያ በአሥር እኩል ርቀት ባላቸው ቦታዎች ላይ ድምቀቱን አንብበው አማካዩን ይውሰዱ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ትክክል አይደለም፤ ኮከቡ ደምቆ ከሚቆይበት ጊዜ ደብዝዞ የሚቆይበት ይበዛል። ውጤትዎ ከ3.95 ብዙ መራቅ የለበትም።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከዑደት ወደ እውነተኛ ድምቀት

ፍጹም ድምቀት የሚባለው ኮከቡ በ10 ፓርሴክ ርቀት ላይ ቢቀመጥ የሚኖረው ማግኒቲዩድ ነው፤ አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው። ለሴፊዶች ቀመሩ ይህ ነው፦

ፍጹም ድምቀት = −4.05 − 2.43 × (የዑደቱ ሎጋሪዝም − 1)

ቁጥሮቹ በ2007 የታተሙ ሲሆኑ፣ ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የአሥር ቅርብ ሴፊዶችን ርቀት በፓራላክስ ለክቶ ከሰጠው መረጃ የተገኙ ናቸው። ፓራላክስ ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ ከበስተኋላው ካሉት አንጻር የሚያሳየው ጥቃቅን መንቀሳቀስ ነው።

የ5.39 ሎጋሪዝም 0.732 ነው። አንድ ሲቀነስለት −0.268፤ በ2.43 ሲባዛ −0.65፤ ስለዚህ ፍጹም ድምቀቱ −4.05 + 0.65 = −3.40 ይሆናል። የፀሐይ ፍጹም ድምቀት 4.83 ነው። በልዩነቱ መሠረት ይህ ኮከብ ከፀሐይ ወደ 2000 እጥፍ የሚጠጋ የሚታይ ብርሃን ይረጫል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ አቧራውን መቀነስና ርቀቱን ማስላት

በእኛና በኮከቡ መካከል ስስ የጠፈር አቧራ አለ፤ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ ኮከቡ ከሆነው በላይ የራቀ ያስመስለዋል። ለዴልታ ሴፊ ይህ ድብዘዛ 0.23 ማግኒቲዩድ ያህል ነው፤ ለኤታ አኩዊላ 0.4 ገደማ። ይህ በዓይን ሊለካ የማይችል ብቸኛው ቁጥር ነው፤ የሚታወቀው ኮከቡ ከተፈጥሮ ቀለሙ ምን ያህል እንደቀላ በመሣሪያ ተለክቶ ነው። ስለዚህ ከባለሙያዎች እንዋሰዋለን።

አሁን ከሚታየው አማካይ ድምቀት ፍጹሙንና አቧራውን እንቀንስ፦ 3.95 + 3.40 − 0.23 = 7.12። አምስት ይደምሩ፣ ለአምስት ያካፍሉ፤ 2.424 ይወጣል። አሥርን በዚህ ቁጥር ከፍ ሲያደርጉ 265 ፓርሴክ ያገኛሉ። በ3.26 ሲባዛ ወደ 865 የብርሃን ዓመት ይሆናል።

ሃብል ቴሌስኮፕ በፓራላክስ ያገኘው ርቀት 273 ፓርሴክ፣ ማለትም 890 የብርሃን ዓመት ነው። ልዩነቱ ሦስት በመቶ ነው። አቧራውን ብንረሳ ኖሮ 295 ፓርሴክ ብለን ስምንት በመቶ እንሳሳት ነበር።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። ቀመሩ ከተሠራባቸው አሥር ከዋክብት አንዱ ዴልታ ሴፊ ራሱ ነው። ስለዚህ መቀራረቡ ዑደትና ድምቀት በትክክል መለካትዎን ያሳያል እንጂ ለቀመሩ ነጻ ምስክር አይሆንም። ኤታ አኩዊላ ከአሥሩ ውስጥ የለም። ልብዎ እውነተኛ ፈተና ከፈለገ ሁለተኛ ሥራዎ እርሱ ይሁን።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣም ልብ ይበሉ። በዑደቱ ላይ የአንድ በመቶ ስሕተት ርቀቱን የሚያዛባው በግማሽ በመቶ ገደማ ነው። በድምቀቱ ላይ የ0.1 ስሕተት ግን ርቀቱን በአምስት በመቶ ያዛባል። ስለ ታጠፉት ወረቀቶች ያን ያህል የወተወትሁት ለዚህ ነው።

ወጥመዱ፦ የተሳሳተ ዓይነት ኮከብ

ሴፊድ የሚመስል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዕድሜ የገፉ፣ ክብደታቸው ያነሰ ሁለተኛ ዓይነት ሴፊዶች አሉ፤ በእኩል ዑደት ከመጀመሪያዎቹ በ1.5 ማግኒቲዩድ ያህል ይደበዝዛሉ። ዑደታቸው ከአንድ ቀን የሚያንስ አር አር ላይሬ የሚባሉም አሉ፤ ለእነዚህ ከላይ ያለው ቀመር አይሠራም።

ይህ መምታታት ታላላቆቹንም አሳስቷል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በጥቅምት 1923 በማውንት ዊልሰን የኮከብ ምርምር ማዕከል በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት በኩል በሚታየውና በስሟ በተጠራው ደመና መሰል አካል ውስጥ፣ መጀመሪያ ኖቫ (በድንገት የሚደምቅ ኮከብ) መስሎት ምልክት ያደረገበትን አንድ ነጥብ ሰርዞ «ተለዋዋጭ!» ብሎ በቃለ አጋኖ ጻፈበት። የ31.4 ቀን ሴፊድ ነበር። አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗ በዚህ ተረጋገጠ። ሃብል ያገኘው ርቀት ግን 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነበር። ሁለቱ የሴፊድ ዓይነቶች መለየታቸውን ሌላው ተመራማሪ ዋልተር ባዴ በ1952 ሲያስታውቅ የጋላክሲዎች ርቀት በአንድ ጊዜ በእጥፍ አደገ። ዛሬ የአንድሮሜዳ ርቀት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት እንደሆነ እናውቃለን። ክርክሩ አሁንም አላበቃም፦ በሴፊዶች ላይ ተመሥርቶ የሚለካው የጽንፈ ዓለም የመስፋት ፍጥነት 73፣ ከጥንታዊው የጠፈር ጨረር የሚሰላው ደግሞ 67 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በሜጋፓርሴክ (በአንድ ሚሊዮን ፓርሴክ) ገደማ ይወጣል፤ ለምን እንደሚለያዩ ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም።

ካልኩሌተሩ በእጅዎ እያለ የሃብልን ኮከብ በራስዎ ቀመር ይሞክሩት። የ31.4 ሎጋሪዝም 1.497 ነው፤ ፍጹም ድምቀቱ −5.26 ይወጣል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት 767 ሺህ ፓርሴክ ያህል ስለሆነ፣ በዚያ ርቀት ላይ አቧራውን ሳንቆጥር የሚታየው ድምቀት 19.2 ገደማ ነው። ዓይን ሊያየው ከሚችለው የመጨረሻ ደብዛዛ ኮከብ ከ150 ሺህ እጥፍ በላይ የደበዘዘ ማለት ነው። የንጉሡ ልጅ ርቀት የተለካው በንጉሡ ኮከብ ስም በተጠራው በዚህ ዓይነት ነጥብ ነው፤ በ3.95 ምትክ 19.2፣ በ5.39 ምትክ 31.4 ይገባል እንጂ ስሌቱ እርስዎ በደብተርዎ ከሠሩት ጋር አንድ ነው።